አረሙ ሳያብብ
(ለመስጊዳችን ጀማዓ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ምድርን ለዘረጋልን፣ ከሰማይ ዝናብ አውርዶ ሣሩንና አዝመራውን ላበቀለልን ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ኮሚቴያችን አንድ ርእስ መርጬ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ሶላት ወይም ስለ ዘካ እንደምናገር የጠበቃችሁ ብዙዎች ትሆናላችሁ። የዛሬው ርእሴ ግን አረም ነው። «ኢማም ስለ አረም ምን አገባው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። መልሴ አጭር ነው። መሬት በእጃችን ያለ አማና ነው፤ አማና የተቀበለ ሰው ደግሞ ይጠየቅበታል። ከአባቶቻችን የተረከብነውን ተራራና መስክ ለልጆቻችን ስናስረክብ ሣር የለበሰ ይሆናል ወይስ ከብት የማይቀምሰው አረም የወረሰው? ይህ የግብርና ባለሙያ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የዲን ጥያቄም ነው።

ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። ይኸውም አረምን አንድ ቀን ብዙ ሆኖ ወጥቶ በመንቀል አይሸነፍም፤ የሚሸነፈው ጥቂት ሆኖም ቢሆን ደጋግሞ በመመለስ ነው የሚል ነው። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ደጃችን ድረስ ስለመጣው ስለ ቅንጨ አረም፣ ቀጥሎም ወገኖቻችን በጣና ሐይቅ ላይ ከእምቦጭ ጋር ስላደረጉት ትግል፣ በመጨረሻም እኛ ምን ብናደርግ እንደሚሻል እናገራለሁ።

ቅንጨ አረም እንዴት ደረሰብን?

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌና ወደ መርሳ የሚሄደውን የመኪና መንገድ የሚያውቅ ሰው በዝናቡ ወራት ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያብበውን ነጭ አበባ አይስተውም። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። አበባው ጥቃቅንና ነጭ በመሆኑ ከሩቅ ሲያዩት የተከካ ቅንጨ የተበተነበት ይመስላል። የሳይንስ ሰዎች ፓርቴኒየም ይሉታል። በምሥራቅ በኩል ያሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ደግሞ «ፈረምሲሳ» ብለውታል፤ መሬትህን ለቅቀህ ሂድ ብሎ የሚያስፈርም እንደ ማለት ነው። ገበሬ ለአንድ ተክል እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣለት ምን ያህል ቢያስመርረው እንደሆነ አስቡት።

ይህ ተክል የአገራችን ተክል አይደለም። የትውልድ ቦታው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው የአሜሪካ ምድር ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980 በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል የታየ ሲሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ በብዛት የተገኘው እዚሁ በደሴ አካባቢ ነው። ሁለቱም ቦታዎች በድርቁ ዘመን የእርዳታ እህል በብዛት ይከፋፈልባቸው የነበሩ በመሆናቸው፣ ተመራማሪዎች ዘሩ ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ እንደገባ ይገምታሉ። የ1977ቱን ያን ክፉ ቀን በመካከላችን የተቀመጡ አባቶችና እናቶች ያስታውሱታል። ያ እህል ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ስለዚህ ሰጪውን አናማም። ነገር ግን ኒዕማ ከነፈተናው እንደሚመጣ ከዚህ እንማራለን። እህሉን በልተን ከሞት ተረፍን፤ ከእህሉ ጋር የመጣውን ዘር መጠበቅ ግን የኛ ፋንታ ሆኖ ቀረ።

የዚህ አረም ኃይሉ ዘሩ ላይ ነው። አንድ ተክል ብቻውን ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። ዘሩ ቀላልና ደቃቅ በመሆኑ በነፋስ ይበተናል፤ በጎርፍ ይወርዳል፤ በመኪና ጎማ፣ በከብት ኮቴ፣ በጭድና በአሸዋ ጭነት ይጓዛል። እርጥበት ካገኘ በበቀለ በአንድ ወር ወይም በአንድ ወር ተኩል ያብባል። አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ደግሞ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ይህን የመጨረሻውን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጉዳቱ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በአዝመራ ላይ ነው። አረሙ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ሌላው ቡቃያ እንዲቀጭጭ ያደርጋል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት አረሙ ሳይነቀል ከተተወ የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ታይቷል። ማሽላ ለቆላው ሰው ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ሁለተኛው ጉዳት በከብት ላይ ነው። ከብት አረሙን ወዶ አይበላውም፤ ሣር አጥቶ ከበላው ወተቱ ይመርራል፣ የሥጋውም ጣዕም ይለወጣል። ሦስተኛው በሰው ላይ ነው። ባዶ እጁን ደጋግሞ የሚነቅለው ሰው ቆዳው ሊያሳክከውና ሊያሽፈው ይችላል፤ የአበባው ብናኝም አስም ያለበትን ሰው ደረት ይይዛል።

ከልለን የያዝነው ተራራ

በወሎ ምድር ከድርቁ ዘመን ጀምሮ ስንትና ስንት እርከን በ«ምግብ ለሥራ» እንደተሠራ፣ ስንት የተራቆተ ተራራ ከከብት ተከልሎ እንዳገገመ ታውቃላችሁ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም በየዓመቱ በበጋ ወራት ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ሲወጣ ኖሯል። በተከለለው ቦታ ሣሩ ተመልሷል፤ ደርቆ የነበረ ምንጭ የፈለቀበትም አለ።

ቅንጨ አረም የሚወደው የተራቆተና የተረገጠ መሬት ነው። ሣሩ ጥቅጥቅ ብሎ የያዘው መሬት በቀላሉ አይበገርለትም። ስለዚህ ከልለን የያዝነው ተራራ ጋሻችን ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጋሻው በር በሩ ላይ ይቀደዳል። የእግር መንገዱ ዳር፣ ከብት ውኃ ሊጠጣ የሚወርድበት፣ አሸዋ የሚጫንበት፣ አፈር የተቆፈረበት ቦታ ሁሉ ለአረሙ በር ነው። አንድ ክረምት ቸል ከተባለ አረሙ ከዳር ወደ መሐል ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ በዘለቀ ጊዜ ስንቱ ማሳ ያለ አራሚ ቀርቶ እንደነበር አንዘነጋውም። አረም ሰው ዞር ሲል የሚበረታ ነገር ነው።

የጣና ትምህርት

አሁን ወደ ጣና ልውሰዳችሁ። ጣና ከኛ ሩቅ ነው፤ በቆላው የምናየው አረምም እምቦጭ አይደለም። ነገር ግን በአገራችን ሕዝብ በገዛ ፈቃዱ ወጥቶ ከመጤ አረም ጋር ለዓመታት የታገለበት ትልቁ ቦታ ጣና ስለሆነ፣ የደከሙት ወገኖቻችን ያዩትን እኛ ሳንደክም ልንማርበት እንችላለን።

እምቦጭ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው፣ ለዓይን የሚያምር ተክል ነው። ትውልዱ በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ወንዝ አካባቢ ሲሆን፣ ከአገር አገር የዞረው በአብዛኛው ለአበባው ሲባል ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ታየ። በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው ግን በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ጣና ራሱ ከነዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህም ማለት ሰውም ተፈጥሮም ተጠባብቀው የሚኖሩበት ጥብቅ ሥፍራ ማለት ነው።

አረሙ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ተስፋፋ። ውኃውን እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ዓሣው ብርሃንና አየር አጣ፤ ታንኳ መቅዘፍ አዳጋች ሆነ፤ ከብት ውኃ የሚጠጣበት ዳርቻ ተዘጋ። የአካባቢው ገበሬ መሣሪያ እስኪመጣለት አልጠበቀም። ልብሱን ሰብስቦ ውኃ ውስጥ ገባና በእጁ ይነቅል ጀመር። አልቅት፣ እባብና ቢልሃርዝያ ባለበት ጭቃ ውስጥ እስከ ደረቱ ቆሞ የሠራ ሰው ክብር ይገባዋል። አላህ ድካማቸውን ይቁጠርላቸው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተደረገው ዘመቻ ሕዝቡ አብዛኛውን አረም አጽድቶ ነበር። ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ መሰለው። ዳሩ ግን አላለቀም። ክትትሉ ሲላላ አረሙ ከቀድሞው በርትቶ ተመለሰ። ለምን? ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛ፣ እምቦጭ ከእናቱ ጎን ልጅ እያወጣ ይራባል። ውኃው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ቁራሽ እንኳ ከቀረ ሥራው ከሥር ይጀመራል። ሁለተኛ፣ ዘሩ በሐይቁ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ላይ ላዩን ማጽዳት ሥሩን መጨረስ አይደለም። ሦስተኛ፣ የተነቀለው አረም በየዳርቻው ይከመር ነበር፤ ክረምት ሲገባና ውኃው ሲሞላ ክምሩን አንስቶ መልሶ ወደ ሐይቁ አስገባው። አራተኛ፣ ከእርሻው ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ አረሙን ይቀልበዋል። አምስተኛውና ዋናው፣ ዘመቻው ሲያልቅ ሰው ወደ አዝመራው ተመለሰ፤ አረሙ ግን ዕረፍት አላወጣም።

በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባና ከሌላም ቦታ ወጣቶች በገዛ ገንዘባቸው ተሳፍረው ለነቀላ ወጡ። በአገር ውስጥ የማጨጃ ማሽን የሠሩ አሉ፤ ከውጭም መጥቷል። ማሽኑ ጥልቅ በሆነው ውኃ ላይ ቢረዳም ጭቃማው ዳርቻ ግን የሰው እጅ መጠየቁን አልተወም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ወር ትልቅ ዘመቻ ታውጆ የብዙ ቀበሌ ሕዝብ ወጣ። በጊዜው ከ4 ሺህ ሔክታር በላይ የሐይቁ ክፍል በአረሙ ተይዞ እንደነበር ኃላፊዎቹ ገልጸው ነበር። ከዚያ ውስጥ ብዙው ተነቀለ። ከዚያም በኋላ ዝናቡ በመጣ ቁጥር አረሙ ተመልሶ መታየቱ አልቀረም።

ወንድሞቼ፣ ከዚህ ተነስቶ «ድካማቸው ከንቱ ሆነ» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ባይነቅሉ ኖሮ ዛሬ ስለ ጣና የምናወራው ሌላ ነገር በሆነ ነበር። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወጣበት ቀን መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። የእምቦጭም የቅንጨም ዘር ከአንድ ዘመቻ ዕድሜ ይረዝማል። ስለዚህ የኛም ሐሳብ ከዘሩ ዕድሜ መርዘም አለበት።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

ቦታን ከልሎ ለጋራ ጥቅም መጠበቅ በዲናችን አዲስ ነገር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ወጣ ብሎ ያለውን አን-ነቂዕ የተባለ ሥፍራ ለሙስሊሞች ፈረሶች ግጦሽ ከልለውታል። እንዲህ ያለው ቦታ ሒማ ይባላል። መዲናን ራሷንም ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ ከልክለዋል። ስለዚህ የተከለለ ተራራ ስናይ የመንግሥት ደንብ ብቻ አድርገን አንየው፤ ሥሩ በሱና ውስጥም አለ።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) የሒማውን ጠባቂ ሲያዙት ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ ነገሩት። እንደ ዑስማን ኢብን ዐፋንና እንደ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ያሉትን ባለሀብቶች መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙ። ምክንያቱም ባለሀብቶቹ ከብታቸው ቢያልቅ ቴምርና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ያችው ጥቂቷ ካለቀች ልጆቹን ይዞ ደጅ ከመጥናት በቀር ሌላ የለውም። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በኛም ዘንድ ተራራው ሲከለል ይበልጥ የተጎዳው ሁለትና ሦስት ፍየል ያላት ሴትና መሬት የሌለው ወጣት ነው። አረሙን ንቀሉ ብለን ስንጠራቸው፣ ሣሩ ሲታጨድ ግን ካልጠራናቸው ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ በሣሩ ድርሻ ቅድሚያ ለነሱ እንዲሰጥ ሽማግሌዎቻችን ይዘው ይነጋገሩበት። ከተራራው ጥቅም የሚያገኝ ሰው ተራራውን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ነገር ፈርድ ኪፋያ የምንለው ነው። ከጀማዓው ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉም ይጠየቃል። የጋራ መሬት አረም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የራሱን ማሳ የማያርም ገበሬ የለም። መንገድ ዳርና ተራራው ግን የሁሉ በመሆኑ የማንም ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ሰደቃ መሆኑን፣ ከኢማን ቅርንጫፎችም አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እሾህና ድንጋይ ማንሳት ሰደቃ ከሆነ፣ የልጆችን ቆዳ የሚያሳክከውንና የላምን ወተት የሚያመርረውን አረም መንቀል እንዴት ሰደቃ አይሆንም? ከዚህም ጋር አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን ሳይቋረጥ የሚዘወተረው እንደሆነ ተምረናል። ይህን ትምህርት በሶላታችንና በዚክራችን እንሠራበታለን። በአረሙም ላይ እንሥራበት።

አራተኛ፣ መልካም ኒያ ያለ ዕውቀት አይበቃም። ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ያሉትን የአፋር ወንድሞቻችንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ በአፋር ምድር ተተከለ። የተከሉት ሰዎች ኒያቸው ደግ ነበር። ዛፉ ግን እሾሃም ጫካ ሆኖ ከ1 ሚሊዮን ሔክታር በላይ መሬት ወረረ፤ የግመሉንና የላሙን ግጦሽ ዘጋ። ስለዚህ ማንነቱን ያላወቅነውን ተክል፣ አበባው ቢያምርም፣ ጥላው ቢወደድም፣ አምጥተን አንትከል። ባለሙያ እንጠይቅ።

የሚነሱ ጥያቄዎች

«መሬቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይንቀለው» የሚሉ አሉ። ወተቱ ግን የኛ ነው፤ ማሽላው የኛ ነው፤ የሚያሳክከውም የልጆቻችን ቆዳ ነው። የግብርና ሠራተኛ ሊያስተምረን፣ መሣሪያም ሊያግዘን ይገባል፤ ይህን መጠየቅ መብታችን ነው። ነገር ግን በየመንገዱ ዳር የሚበቅለውን ቡቃያ ማለዳ ወጥቶ የሚያየው እኛ ነን።

«ሳይንስ መድኃኒት አያጣለትም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ እየተሞከረ ነው። ቅንጨ አረምን ብቻ መርጣ የምትበላ ጥንዚዛ ከሜክሲኮ ወደ ሕንድ ተወስዳ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሥራ ላይ ውላለች። በአገራችንም ተመራማሪዎች ለዓመታት ሌላ ተክል እንደማትነካ ከፈተሹ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ገደማ በወለንጪቲ አካባቢ ለቅቀዋታል። በቪክቶሪያ ሐይቅም እምቦጭን በመቀነስ ረገድ አረሙን የሚበሉ ነቀዞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። ጥንዚዛይቱ እስክትደርስልን እጃችንን አጣጥፈን ከጠበቅን መሬቱ አይጠብቀንም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን ስለመሥራት የሚጠይቅ እንኳ ያለ አይመስለኝም። እኛ የወሎ ሰዎች ነን። ቅሬያችን አንድ፣ ደቧችን አንድ፣ ለቅሷችንም ሠርጋችንም አንድ ነው። የአረም ዘርም የማንን ማሳ እንደሚመርጥ አይጠይቅም። በመስከረም 21 ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ከየአገሩ ብዙ መኪና በመንገዳችን ያልፋል። ወሩ ደግሞ ቅንጨ አረም ዘር የሚጥልበት ወቅት ነው። እንግዳው ጥፋት የለበትም፤ ዘሩ ጎማው ላይ እንዳይጣበቅ መንገድ ዳሩን አስቀድሞ ማጽዳት የባለአገሩ፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሥራ ነው።

ምን እናድርግ?

ሐሳቤን በስድስት ነጥብ አቀርባለሁ፤ ኮሚቴውና የቅሬ ዳኞች ተመካክረው ያሻሽሉት።

አንደኛ፣ ጊዜው። ነቀላው አበባ ከመምጣቱ በፊት ይሁን። በበልጉም በክረምቱም ዝናቡ ከጀመረ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጠዋት እንውጣ። አረሙ ለማበብ ቢያንስ አንድ ወር ያህል ስለሚፈልግ፣ በሦስት ሳምንት ከተመለስንበት ዘር የሚጥልበት ጊዜ አያገኝም። ሥራውም ያን ያህል አይከብድም፤ በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ቀን የፈጀው በአራተኛው ጊዜ የአንድ ሰዓት ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ አነቃቀሉ። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ከነሥሩ ይነቀል፤ ከላይ የተቆረጠ ከሥር ያቆጠቁጣል። ማንም ባዶ እጁን አይንካው። ጓንት የሌለው እጁን በፌስታል ይጠቅልል፤ እጅጌው ረዥም ይሁን፤ አፍና አፍንጫውን በሻሽ ይሸፍን፤ ሲጨርስ በሳሙና ይታጠብ። አስም ያለበትና ቆዳው የሚቆጣ ሰው አይውጣ፤ ሕፃናትም አይውጡ። ራስንም ሆነ ሌላውን መጉዳት በዲናችን አይፈቀድም። የማይነቅል ሰው ውኃ ያቅርብ፣ ቡና ያፍላ፤ ምንዳው አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ የተነቀለው። ያላበበው እዚያው ደርቆ ይበሰብሳል። ያበበው ግን ሳይራገፍ በማዳበሪያ ጆንያ ይግባና በአንድ ጉድጓድ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር። የጣናን ክምር አስታውሱ።

አራተኛ፣ ባዶ መሬት አንተው። በነቀልንበት ቦታ የአገሩን ሣር እንዝራበት። ጎረቤት የሌለው ቤት በሌባ ይደፈራል፤ ሣር የሌለው መሬትም በአረም ይወረራል።

አምስተኛ፣ በሩን እንጠብቅ። ለቤት ሥራ አሸዋና ጠጠር የሚያስመጣ፣ ጭድ የሚገዛ፣ ዘር ከሌላ አገር የሚያመጣ፣ ከብት ከሩቅ ገበያ የሚነዳ ሰው ያራገፈበትን ቦታ ዝናቡ ሲጥል ይመልከት። አንድ ቡቃያ ማየትና መንቀል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዘር ከጣለ በኋላ ግን የዓመታት ሥራ ይሆናል።

ስድስተኛ፣ ሐይቃችንን እንጠብቅ። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ውኃ ነው፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። የአርዲቦ ውኃም ወደዚያው ይወርዳል። ለአበባው ውበት ብሎ እምቦጭ አምጥቶ በገንዳ የሚያስቀምጥ፣ ከሌላ ሐይቅ መረብ ወይም ጀልባ ሳያጥብ የሚያመጣ ሰው እንዳይኖር ለዓሣ አስጋሪውም ለነጋዴውም እንንገር። እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ ተክል ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ለግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክት።

ለዚህ ሁሉ አንድ መዝገብ ያስፈልገናል። የት እንደነቀልን፣ መቼ እንደነቀልን፣ መቼ መመለስ እንዳለብን ይጻፍበት። መድረሳውን የጨረሱ፣ ትምህርት ቤትም የሚማሩ ልጆች አሉን፤ መዝገቡን እነሱ ይያዙት። አስቀድሜ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ ነገር ይህ ነው፤ ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። እንግዲያው መዝገቡም የአንድ ክረምት አይሁን። ዛሬ የሚይዘው ልጅ አድጎ ለታናሹ የሚያስረክበው ይሁን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥበት ሶደቃ ጃሪያ የሚባል ሥራ እንዳለ ታውቃላችሁ። ጉድጓድ ያስቆፈረ፣ መስጊድ ያሠራ፣ ዒልም ያስተማረ ከዚህ ይቆጠራል። ገንዘብ የሌለው ግን ክንድ አለው። ከአረም ያዳነው መስክ ላይ ላም ከጋጠች፣ ከወተቷም የቲም ከጠጣ፣ የዚያ ሰው ድርሻ አላህ ዘንድ እንደማይጠፋ ተስፋ እናደርጋለን። የመጀመሪያው ጠዋት የበልጉ ዝናብ እንደያዘ ይሁን። መዝገቡ ከዛሬ ጀምሮ በመስጊዱ በር ላይ ተቀምጧል፤ ስማችሁን አስመዝግቡ።

አላህ ሆይ፣ ምድራችንን አለምልምልን፤ ዝናባችንን የበረከት አድርግልን። አዝመራችንንና ከብታችንን ከሚጎዳ ነገር ሁሉ ጠብቅልን። በሥራችን ላይ ኢኽላስንና ጽናትን ስጠን። ለአገራችን ሰላም፣ ለሙታኖቻችን ራሕመት፣ ለሕመምተኞቻችን ዓፊያ ስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።